ባኞ ውስጥ የተገኘው ዓሣ

መንገሻ ቼኮዝሎቫኪያ የኖረው ዘጠኝ ወር ነው። ዘጠኝ ወር ለሌላ ሰው ዘጠኝ ወር ነው፤ ለመንገሻ ግን አንድ ሙሉ ዘመነ መንግሥት ነው። በደርግ ጊዜ የትራክተር ጥገና እንዲማር ተልኮ በየካቲት ገባ፣ በጥቅምት ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ስለዚያ አገር የሚነሳ ጥያቄ ሁሉ መልስ የሚያገኘው ከእሱ ዘንድ ነው። ዘገዬ እንጀራና በርበሬ በሚሸጥባት ሱቅ በር ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚቆሙት ወንዶች ስለ ፕራግ ድልድዮች፣ ስለ ቼክ ቢራና ስለ ቼክ ብርድ ከእሱ የሰሙትን፣ ፕራግ ተወልዶ ፕራግ ያረጀ ሰው ቢሰማው ኖሮ ስለ አገሩ ብዙ አዲስ ነገር በተማረ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ልብ ይባል፦ ከየካቲት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ውስጥ ገና የሚባል በዓል የለም። የዘገዬ ደንበኞች ይህን አላሰሉም። መንገሻ ራሱም አላሰላውም።

የማታ ማታ ይህ ሁሉ እውቀት ለቁም ነገር ተፈለገ። ልጁ ቤርሳቤህ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ፋርማሲስት ናት። እሷ ሳታየው ቨርጂኒያ የሚገባ ኪኒን የለም ቢባል ከእውነት ብዙ አይርቅም፤ መንገሻ ሜሪላንድንም ይጨምርበታል። በሁለት ሺህ አሥራ ሁለት የመከር ወራት ላይ ቶማሽ የሚባል ልጅ ይዛ መጣች። የመንገሻን ኮሪደር አምፖል በግንባሩ የሚነካ ረጅም ልጅ፣ ጠባዩ ግን ሲቀመጥ እንኳ ወንበሩን የሚያስፈቅድ ይመስላል። እናቱ ያርሚላ ቼክ ናት፣ አባቱ ናይጅል እንግሊዝ ነው፣ እሱ አሌክሳንድሪያ የተወለደ አሜሪካዊ ነው። መንገሻ ቼክ የሚለውን ቃል ሲሰማ ልጁን አቅፎ ሳመው። በቼክኛ እንደምን ዋልክ አለው፤ ቀጥሎ በቼክኛ ለጤናችን አለው፤ ቀጥሎ በቼክኛ ቢራ አለው። ቼክኛው እዚያ ላይ አለቀ።

ሚስቱ ዘነበወርቅ ግን በሰላምታ የምትሸነፍ ሴት አይደለችም። የምትሠራበት ነርሲንግ ሆም ውስጥ እሷ በኮሪደር ስታልፍ ከአልጋ መነሳት ያቃታቸው ሽማግሌዎች ቀና ብለው ይቀመጣሉ። ልጁን አየችው፣ ወደደችውም። ከዚያ አንድ ነገር ተናገረች።

«ዘር አልቆጥርም፣ ቋንቋም አልጠይቅም» አለች። «ከእናቱ ቤት ቀርቤ ሳልበላ ግን ልጄን አልመርቅም።»

ምክንያት ነበራት። ግሪንቤልት ያለችው እህቷ እታለማሁ ልጇን ከዳረች ዓመታት አልፈዋል፤ ከልጇ ባል ወላጆች ጋር ግን እስከ ዛሬ ቁራሽ አልቆረሰችም። በመጀመሪያው ቀን አንዱ የሌላውን ምግብ አልበላ አለ፤ ሁለተኛ ቀን የሚባል ነገር አልመጣም። አሁን የልጅ ልጇን የምታየው በአንድ ሞል ውስጥ፣ በቀጠሮ፣ ሰው ሁሉ ሳንድዊች በሚበላበት አዳራሽ ተቀምጣ ነው። ዘነበወርቅ ይህን አይታ ምላለች። ቤርሳቤህ ደግሞ እናቷ ካልመረቀች እንደማታገባ ለቶማሽ ቁርጡን ነግራዋለች። እንዲህ ሆኖ የሁለት ሰው ትዳር በአንዲት የዘነበወርቅ ጉርሻ ላይ ተንጠለጠለ።

ችግሩ ጾም መግባቱ ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር ላይ ተይዟል፣ የሚፈታው በእኛ ገና ነው፤ ግብዣው የመጣው ደግሞ ለፈረንጆቹ ገና ነው። ደግሞም ሁለት ግብዣ ነው የመጣው። ያርሚላ ደውላ ለገና እራት በዲሴምበር ሃያ አራት ማታ ኑልኝ አለች። በማግስቱ ናይጅል ደውሎ ለገና ምሳ በሃያ አምስት ቀን ኑልኝ አለ። አንዱ ስለ ሌላው ምንም አልተነፈሰም፤ እንዲያውም ስልኩ የመጣው ከአንድ ቤት ነው ብሎ የሚገምት አይኖርም። ዘነበወርቅ እነዚህ ሰዎች ተፋተዋል እንዴ ብላ ጠየቀች።

ቤርሳቤህ እሑድ መጥታ ልታስረዳ ተቀመጠች፤ ማስረዳቷ ጭራሽ ነገሩን አጠፋው። በያርሚላ አገር ገና ዋዜማው ማታ ነው፤ የመጀመሪያዋ ኮከብ ስትታይ ይበላል፣ ከዚያ ደወል ይጮኻል፣ ስጦታ ተቀምጦ ይገኛል። ስጦታውን የሚያመጣው ሕፃኑ ኢየሱስ ነው፤ በመስኮት ይገባል፣ ማንም አያየውም። በናይጅል አገር ግን ስጦታ የሚያመጣው ጺማም ሽማግሌ ነው፣ በጭስ ማውጫ ይገባል፣ የሚበላው በማግስቱ ቀትር ላይ ነው። ዘነበወርቅ ሽማግሌውን በፓርኪንግ ሎት ሁሉ ስላየችው ዝም ብላ አለፈችው። በሕፃኑ ላይ ግን ቆመች። ልደቱ የእሱ አይደለም ወይ፣ ስጦታ የሚመጣለት እንጂ እሱ ተሸክሞ ሲዞር የት አገር ታየ አለች።

እንግሊዞቹ ሚንስ ፓይ ይበላሉ፤ ስሙ የተፈጨ ሥጋ ነው፣ ውስጡ ዘቢብ ነው። ፑዲንግ የሚሉት ጥቁር ኬክ ነው፤ አረቄ አፍስሰውበት እሳት ይለኩሱበታል፣ ቤቱ ግን አይቃጠልም። ክራከር የሚሉት አይበላም፤ ሁለት ሰው በሁለት ጫፍ ጎትቶ ያፈነዳዋል፣ ከውስጡ የወረቀት ዘውድ ይወጣል፣ ትልቅ ሰው ያንን ደፍቶ ተርኪ የሚሉትን ግዙፍ ዶሮ ይበላል። በማግስቱ ቦክሲንግ ዴይ ነው፤ ማንም ማንንም አይመታም። ቤርሳቤህ ይህን ሁሉ ስትዘረዝር መንገሻ በየመሀሉ ራሱን እየነቀነቀ «ልክ ናት» ይል ነበር፤ አንዱንም አያውቀውም።

ወደ ቼኮቹ ስትመለስ ግን ዘነበወርቅ ወንበሯን አስጠጋች። ቼኮቹ ዋዜማውን የለጋስ ቀን ይሉታል፤ በለጋሱ ቀን ግን ኮከብ እስክትወጣ ድረስ ቀኑን ሙሉ እህል አይቀምሱም።

«ይጾማሉ?» አለች ዘነበወርቅ። እሷ በጾም የምትቆየው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ እነዚህ በለጧት። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ በራ። የሚበሉትስ ሥጋ አይደለም፣ ዓሣ ነው።

«አልነገርኩሽም?» አለ መንገሻ። «ከእኛ የማይለዩ ሕዝብ ናቸው።»

ቤርሳቤህ እዚያ ላይ ብታቆም ጥሩ ነበር። እሷ ግን ሐቀኛ ልጅ ናትና ጨረሰችው፤ ቀኑን ሙሉ የጾመ ሰው ማታ ግድግዳው ላይ ወርቃማ የአሳማ ግልገል ያያል ይባላል አለች። ዘነበወርቅ ልጇን ለረጅም ጊዜ አየቻት። ጾሞ መልአክ ያየ እንደሰማች፣ አሳማ ያየ ግን እንዳልሰማች ተናግራ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች።

ያም ሆኖ የሃያ አራቱ ማታ ተመረጠ። ተርኪ ከመሆን ዓሣ ይሻላል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር መንገሻ በአንድ ቃል ዘጋው፤ ይበላል አለ። ዘነበወርቅ እሱን ትታ ለንስሐ አባቷ ለቀሲስ ዓባይነህ ደወለች። ቀሲስ እንደማይበላ ነገሯት። የልጇን ትዳር ነገር ስታጫውታቸው ግን አንድ ጉርሻ ከሆነ ስግደቱን እኔ እሰጥሻለሁ አሏት። ዘነበወርቅ ስግደቱን ከወዲሁ ጀመረችው። ለልጇ ስትል አንድ ጉርሻ ዓሣ ልትበላ ቆረጠች። ለማንም ግን አልተናገረችም፤ ለባሏ ከተነገረ ዘገዬ ሱቅ በር ላይ እንደሚውል ታውቃለች።

የዚያን ቀን ቤልትዌይ ላይ የነበረው መኪና በዓለም ላይ ያለው መኪና ሁሉ ነው። መንገሻ የሚሠራው ዳውንታውን በሚገኝ ፓርኪንግ ሱፐርቫይዘር ሆኖ ነው፤ መኪና እንደ መንጋ ይነዳል፤ ያም ሆኖ የዊልሰንን ድልድይ ሲሻገሩ ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ነበር። ቤርሳቤህ ምንም ምግብ ይዛችሁ እንዳትመጡ፣ ይቀየማሉ ብላ ስላስጠነቀቀች ባዶ እጃቸውን ሄዱ። ባዶ እጅ መሄድ ለዘነበወርቅ ራቁት ከመሄድ አይተናነስም።

ያርሚላ በሩን ራሷ ከፈተች። ጸጉሯ ነጭ፣ እጇ ዱቄት የነካው፣ ዓይኗ ደግ የሆነ ሴት። ቤርሳቤህና ቶማሽ ወይን ሊገዙ ወጥተዋል፣ ናይጅል ጋራዥ ውስጥ የተጠላለፈ የመብራት ገመድ ይፈታል። ዘነበወርቅ ሶፋ ላይ ተቀመጠች። መንገሻ ሦስቱን የቼክ ቃላት በሩ ላይ ስለጨረሳቸው እጅ መታጠቢያ ጠየቀ። የታችኛው ተበላሽቷልና ወደ ላይ ይውጡ አለችው ያርሚላ፤ ቀጥላም ፈገግ ብላ፣ «ላይ ቤት ማን እንዳለ ለእርስዎ መንገር የለብኝም። አገሩን ኖረውበታል» አለችው።

«ምን ማለትዎ ነው፣ አውቃለሁ እንጂ» አለ መንገሻ። ምንም አያውቅም።

ላይ ቤት ባኞ ውስጥ ዓሣ ነበር። የሚዋኝ ዓሣ። የዓመት ጥጃ ያክላል ማለት ማጋነን ይሆናል፤ የስድስት ወር ጥጃ ግን ያክላል። ከባኞው ጫፍ ተነስቶ ከባኞው ጫፍ ሲደርስ መዞሪያ ያጣል፤ አፉን ከፈት ከደን እያደረገ መንገሻን ያየዋል። መንገሻ በሩን ዘጋና የሽንት ቤቱ ክዳን ላይ ተቀመጠ። ሁለቱ ብዙ ተያዩ።

አንዳች ነገር ማሰብ ነበረበት፤ አሰበም። ለዓመት በዓል የመጣ ከብት እስኪታረድ በሕይወት ይቆያል። ሴት ቢላ አታነሳም፤ አራጅ ወንድ በሌለበት ቤት በዓሉ ይቆማል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ የተከበረ እንግዳ ካለ ደግሞ ባርኮ የሚያርደው እሱ ነው። እዚህስ ቤት ማን ወንድ አለ? እንግሊዙ ከገመድ ጋር ይታገላል፣ ልጁ ሳይነኩት ይቅርታ ይጠይቃል። ሴትዮዋ ደግሞ አውቃ ወደ ላይ ላከችው፣ መንገር የለብኝም አለችው። ነገሩ እንደ ቀትር ፀሐይ ግልጽ ሆነለት። ዓሣው እሱን ሲጠብቅ የዋለ ነው። ሳያርደው ቢወርድ የልጁን አማቶች ማዋረድ ነው።

ወርዶ ያርሚላን ቢላ ጠየቃት። ይኸኛውስ በአማርኛም ቢሆን ግራ ያጋባል። ቼኮች በገና ማታ ፖም በመሀሉ አግድም ይቆርጣሉ፤ ውስጡ ኮከብ ከሠራ ቤተሰቡ በጤና ይከርማል። ያርሚላ ይህ ሰው ፖሙን አስታውሶ ነው ብላ ዓይኗ እንባ አቀረረ። መሳቢያ ከፍታ እጀታው ቀንድ የሆነ የእናቷን ቢላ አወጣችና በሁለት እጇ ሰጠችው። «አልረሱትም» አለችው።

«እንዴት ይረሳል» አለ መንገሻ፤ ቢላውን ይዞ ደረጃውን ወጣ።

የከብት ራስ ወደ ምሥራቅ ይዞራል። መንገሻ የፖቶማክ ወንዝ በስተምሥራቅ እንደሆነ አሰላ፤ ዓሣውን ወደ ፖቶማክ አዞረው። ዓሣው መልሶ ዞረ። ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ጦርነት ነው፤ ውሃው ጣሪያ ነካ፣ የሻወሩ መጋረጃ ወረደ፣ የመንገሻ ክራባት ዓሣው አፍ ውስጥ ገባ። የዓሣ አንገት ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ የሚያውቅ ሰው በዚያ ሰዓት ቢገኝ መንገሻ ደመወዙን በሰጠው። በመጨረሻ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አለ፣ ቢላው እጁ ወዳደላበት ወረደ፣ ነገሩም ተፈጸመ።

በሩን ሲከፍት ያርሚላ ደረጃው ላይ ነበረች፤ ድምፁን ሰምታ ነው። ከኋላዋ ዘነበወርቅ፣ ከዘነበወርቅ ኋላ አሁን ከውጭ የገቡት ቤርሳቤህና ቶማሽ። መንገሻ ዓሣውን በሁለት እጁ ታቅፎ፣ ከራሱ እስከ እግሩ እየተንጠባጠበ፣ የአደራ ዕቃ እንደሚያስረክብ ሰው ፊቷ ቆመ።

ያርሚላ «ፔፓ» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም።

ዓሣው ስም ነበረው። ቶማሽ ቀስ ብሎ ለቤርሳቤህ ነገራት፣ ቤርሳቤህ በእንባ ለወላጆቿ ነገረች። ያርሚላ ሕፃን ሳለች ለገና የተገዛ ዓሣ ባኞ ውስጥ ሰንብቶ፣ ስም ወጥቶለት፣ አባቷ ማረድ አቅቶት ማታ ወንዝ ወስዶ ለቀቀው። ለዚያ መታሰቢያ፣ አሜሪካ ከገባች ወዲህ ያርሚላ በየዓመቱ ከሴቨን ኮርነርስ ገበያ አንድ ዓሣ በሕይወቱ ትገዛለች፣ ፔፓ ትለዋለች፣ በገና ማታ ወንዝ ትመልሰዋለች። የሚበላው ዓሣ ሌላ ነው፤ ታርዶ፣ ተቆርጦ፣ ኩሽና ውስጥ ድሮ ተጠብሷል።

«ስም ያለውን ነገር ታርዳለህ?» አለችው ዘነበወርቅ በአማርኛ፣ ጥርሷን ነክሳ።

መንገሻ የአባቱ በሬዎች ሁሉ ስም እንደነበራቸው ሊነግራት ፈልጎ ነበር፤ ፊቷን አይቶ ተወው።

ደረቅ ልብስ ሊሰጠው ወደ ጋራዥ የወሰደው ናይጅል ነው። በሩን ከዘጋ በኋላ የመንገሻን እጅ ይዞ አልለቅ አለ። ይህን ሁሉ ዓመት በገና ማታ ባልዲ በጉልበቱ መሀል አድርጎ፣ ቀዝቃዛ ውሃ እየፈሰሰበት፣ ፔፓን ወደ ወንዝ ያጀበው እሱ ነው፤ ባለፈው ዓመት ተንሸራቶ እስከ ወገቡ ገብቷል። ሁለት ብርጭቆ ዊስኪ ቀዳ። ጽዋውን ሲያነሳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አምላክ ይስጥልኝ ዓይነት ነገር አለው። መንገሻ አሁን ጭራሽ ግራ ገባው። በአንድ ቤት ውስጥ በአንድ ዓሣ ምክንያት ሚስትየዋ ታለቅሳለች፣ ባልየው ያመሰግናል፤ ይቅርታ የሚጠይቀው የቱን ነው?

ኮከቧ ወጣች ተባለና ለእራት ተቀመጡ። መንገሻ የናይጅልን ሹራብ ለብሷል፣ እጅጌው ጣቶቹን ውጧል። ናይጅል በሚስቱ ገና ላይ የራሱ እንዳይቀር ክራከሮቹን ደርድሯል፤ ሐዘኑን ለማስረሳት ብሎ አፈነዳቸው፣ ሁሉም የወረቀት ዘውድ ደፋ። የለቅሶ ቤት ላይ ነጋሪት እንደመጎሰም ነበር። ያርሚላ ዓይኗ ቀልቶ፣ ቢጫ ዘውድ ደፍታ፣ አንድ ነገር ብቻ አሳሰበች። የገና ገበታ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉም በልቶ ሳይጨርስ አይነሳም፤ ቀድሞ የተነሳ ለሚመጣው ገና አይደርስም። ለዚህ ብላ ጨውም ውሃም ዳቦም እጅ በሚደርስበት አኑራለች፤ እሷ ራሷም አትነሳም።

ዘነበወርቅ ፊቷ የቀረበውን አየች። ተጠብሶ የወረቀት ያህል የደረቀ ወርቃማ ዓሣ፣ የድንች ሰላጣ፣ የዓሣ ሾርባ። በልቧ ተዘጋጅታ የመጣችበት አንድ ጉርሻ እዚህ ነው። እጇን ዘረጋችና መለሰችው። ወደ ልጇ ጠጋ ብላ ዓሣው የለበሰው ምንድን ነው አለቻት። ቤርሳቤህ ጠየቀች፤ ዱቄት፣ እንቁላል፣ ወተት። ሰላጣው? እንቁላል፣ ማዮኔዝ። ሾርባው ቅቤ፣ ዳቦው ቅቤና ወተት።

የቤርሳቤህ ጥፋት ነው። ለያርሚላ የነገረቻት እናቴ ሥጋ አትበላም ብላ ነው፤ አሜሪካ ተወልዳ ለፈረንጅ ስታስረዳ አጠር ማድረግ ለምዶባታል። ያርሚላ ቃሏን ጠብቃለች፤ ገበታው ላይ አንዲት ሥጋ የለም። ያርሚላ ጾም ስትል እስከ ኮከብ መቆየት ነው፤ ዘነበወርቅ ጾም ስትል ከእንስሳ የመጣ ሁሉ መተው ነው። ሁለቱም ጾመው መጥተው አንዱ ገበታ ላይ ተገናኙ፤ አንዷ መብላት ቻለች፣ አንዷ አልቻለችም።

ሌሎቹ በሉ። ጨረሱ። የዘነበወርቅ ሳህን እንደቀረበ ተቀምጧል። እሷ ካልበላች ገበታው አላለቀም፤ ገበታው ካላለቀ ማንም አይነሳም፤ ማንም ካልተነሳ ደግሞ እሷ የምትበላው ነገር ከየትም አይመጣም። ስድስት ሰው ዘውዱን እንደደፋ ተቀመጠ። ያርሚላ ሳህኑን ታየዋለች፣ ምግቤን ጠላችብኝ ማለት ነው ብላ አስባለች፤ ዘነበወርቅ ያርሚላን ታያታለች፣ ዓሣዋን አርደን ምግቧን ናቅን እያለች። ቤርሳቤህ ግሪንቤልት ያለችው አክስቷ የልጅ ልጇን የምታይበትን ሞል በዓይነ ኅሊናዋ እያየች ከንፈሯን ነከሰች።

መንገሻ ዝምታ አይችልም። እኔ በነበርኩበት ጊዜ፣ አለ፣ ፕራግ ውስጥ የከበረ እንግዳ በገና ማታ አይበላም ነበር፤ ለክብሩ ነው።

ያርሚላ ቀና አለች። «የትኛውን ገና ነው እዚያ ያሳለፉት?»

መንገሻ አፉን ከፈተ። ወራቱን ከየካቲት ጀምሮ በሆዱ ቆጠረ፤ ጥቅምት ላይ ሲደርስ አፉን ዘጋ።

ያርሚላ እሱን ትታ ወደ ዘነበወርቅ ዞረች። «የሚበሉትን ይንገሩኝ» አለቻት።

ዘነበወርቅ በነርሲንግ ሆም እንግሊዝኛዋ፣ ለታማሚ እንደምታስረዳው ረጋ ብላ ነገረቻት። ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም፣ እንቁላል የለም፤ እስከ እኛ ገና።

«ዓሣስ?»

ዘነበወርቅ አንድ ጣቷን አነሳች። «ዛሬ፣ ለልጄ ስል፣ አንድ ጉርሻ» አለች። መንገሻና ቤርሳቤህ ይህን የሰሙት አሁን ነው።

«ዘይት?»

«ዘይት ይቻላል።»

ያርሚላ እጆቿን ገበታው ላይ አሳረፈች። ከዚያ ተነሳች።

ቶማሽ እናቱን በቼክኛ ጠራት፤ ድምፁ የሕፃን ሆነ። ናይጅል ብርጭቆውን አስቀመጠ። በዚያ ቤት ውስጥ ያርሚላ ከገና ገበታ ስትነሳ ያየ ሰው የለም። እሷ ግን ዘውዷን እንኳ ሳታወልቅ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች።

«እንግዲያው ፔፓን እንበላለን» አለችና ወደ ኩሽና ገባች።

ዘነበወርቅ ይህቺ ሴት እውነት ታምንበታለች ወይስ ለወግ ነው ብላ ልጇን ጠየቀቻት። ቤርሳቤህ ለቶማሽ አስተላለፈች። ቶማሽ የእናቱ እናት አንድ ገና ላይ ጨው ልታመጣ ተነስታ በጸደዩ መሞቷን፣ እናቱም እስከ ዛሬ ያቺን ጨው እንደማትረሳ ነገራቸው።

ዘነበወርቅ ነጠላዋን አስተካከለች። «እንዲህማ ከሆነ ብቻዋን አትነሳም» አለችና ተነሳች። ተከትላት ገባች። ቤርሳቤህ እናቷን ተከተለች፣ ቶማሽ ቤርሳቤህን። ናይጅል ወደ መንገሻ ዞሮ በእንግሊዝ ደንብ ትከሻውን ሰበቀና እሱም ሄደ።

ገበታው ላይ መንገሻ ብቻ ቀረ። ሐምራዊ ዘውድ፣ የሰው ሹራብ፣ ፊት ለፊቱ የቀዘቀዘ የድንች ሰላጣ። ቢነሳ ይሞታል፤ የቼኮቹን ልማድ ደግሞ ከማንም በላይ የሚያውቅ እሱ ነው። ቢቀመጥ ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ሆኖ እሱ እንደ ንጉሥ መጎለቱ ነው። ግማሽ ድረስ ተነሳ፣ መልሶ ተቀመጠ። ከኩሽና ቅርፊት ሲፋቅ ይሰማል፣ ዘይት ሲንጫጫ ይሰማል። ዘነበወርቅ ሽንኩርቱ ቀድሞ እንዲበስል ታዛለች፤ ያርሚላ አንዴ በቼክኛ አንዴ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። አንዷ ድምፅ አወጣች፤ ማን እንደሆነች፣ ለቅሶ ይሁን ሳቅ መንገሻ ሊለየው አልቻለም። ከዚያ ሁለተኛዋም አወጣች። የናይጅል ሳል ተጨመረበት።

ዘነበወርቅ የኩሽናው በር ላይ ብቅ አለች። ቀይ ዘውዷ ወደ ጆሮዋ ዘምሟል። በጣቶቿ ትኩስ የዓሣ ቁራሽ ይዛለች፣ ዘይቱ ወደ አንጓዋ ይወርዳል። አማተበች፣ ጎረሰች፣ እሾሁን በጥንቃቄ እየለየች አላምጣ ዋጠች። ያርሚላ ከጎኗ ቆማ አፏን አፏን ታያለች። ቤርሳቤህ ከኋላቸው በእግር ጣቶቿ ቆማለች።

«ሠርጉን ከፋሲካ በኋላ አድርጉት» አለች ዘነበወርቅ።

ቤርሳቤህ እናቷን ከኋላ አቀፈቻት። ቶማሽ ምን እንደተባለ ሳይገባው ያርሚላን አቀፈ፤ ያርሚላም ሳይገባት ዘነበወርቅን አቀፈች፤ ናይጅል የሚያቅፈው አጥቶ ድስቱን ያዘ። መንገሻ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ ዘውዱን በአንድ እጁ ይዞ፣ አንገቱን ወደ በሩ አሰገገ።

«በማንኛው ፋሲካ?» አለ። «በእኛ ነው፣ በነሱ?»